ነፋስ የገባባቸው ፊደላት

ሥራዬ ወደ ቤት ከገባ ወዲህ ሰዎችን የማውቃቸው በእጃቸው ነው። ከሰዓት በኋላ መጋረጃውን እስከ ግማሽ እስባለሁ፣ ከወንበሬ ጀርባ የተሰጣውን ልብስ አነሳለሁ፣ ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ። ከዚያ እግሬ ረግጦት በማያውቀው ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ አንድ ትንሽ እጅ ብቅ ይላል። ፊት የለውም። ጥፍሩ የተበላ፣ አውራ ጣቱን ቀለም የነካው እጅ ብቻ ነው። ሰላም እለዋለሁ፤ ጣቶቹን አርገብግቦ ይመልስልኛል። ድምፁ ከምስሉ ኋላ ቀርቶ ስለሚመጣ አንዳንዴ እጁ ራሱ የሚያወራ ይመስለኛል። እነዚህ እጆች በእንቅልፌም ይመጣሉ። ክፍሉ ውስጥ ቀስ ብለው ሲዞሩ፣ መጋረጃውን ሲነኩ፣ ትራሴን ሲያስተካክሉ አያለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ይፈራ ይሆናል፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው የምነቃው።

ሙያዬ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። ስሙን ስጠራው የሰው ፊት ስለሚኮማተር እናቴ "ልጄ የጣት ሐኪም ናት" ብላ ገላግላኛለች። ሰው በየዕለቱ በእጁ የሚሠራውን ነገር እንዲችል ማገዝ ነው፤ ማንኪያ መያዝ፣ ጫማ ማሰር፣ መጻፍ። እኔ የያዝኩት ልጆችን ነው፤ ከልጆችም ጽሑፋቸው አልነበብ ያለውን። ትምህርት ቤቶች ይልኩልኛል፣ በስክሪን አያለሁ፣ ያየሁትን አስረዳለሁ። የወላጅ ስልክ ከፍ ብሎ ወረቀቱን ቁልቁል እንዲያይ ይደረጋል። አንዱ በድስት ላይ ያስቀምጠዋል፣ አንዱ ከመብራት ገመድ ጋር ያስረዋል፤ ከዚያ ስልኩ ወረቀቱ ላይ ዘጭ ይልና እንደገና እንጀምራለን። ሰዎች ትዕግሥተኛ ነሽ ይሉኛል። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ የምናገረውን ልጆቹ እንዳይሰሙ ማይኩን መዝጋት ነው የለመድኩት።

ወላቃን ያገኘኋት ዝናቡ እልህ በተያያዘበት ሰሞን ነው። ወላቃ ያላት አባቷ ነው፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አዲሶቹ ገና አልበቀሉም። አንደኛ ክፍል ናት። ርእሰ መምህሩ ደውሎ ነገሩን ሲያስረዳኝ ቸኩሎ ነበር።

"ጭንቅላቷ ምንም አይወጣለትም፣ ፈጣን ናት። ጽሑፏ ግን ይንቀጠቀጣል። እጇ ታሞ ከሆነ ወደ ልዩ ክፍል እናዛውራታለን። ካልታመመች ደግሞ አንደኛን ትድገም። በዚህ ጽሑፍ ሁለተኛ ክፍል አትገባም። የእርስዎን ቃል ነው የምጠብቀው።"

ደሜ ፈላ። አንዲት ፍሬ ልጅ አብረዋት ከሚስቁት ልጆች የምትለየው በፊደል እግር መወላገድ ነው ማለት ነው። "እንግዲህ ይጠብቁኛ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

አባቷ ታፔላ ጻፊ ነው። የሱቅ ስም፣ የፀጉር ቤት ስም፣ "መኪና ማቆም ክልክል ነው" የሚለውን ሁሉ የሚጽፍ ሰው። ስልኩ በሁለት የቀለም ቆርቆሮዎች ላይ በተጋደመ ጣውላ ላይ ተቀምጧል፤ እንዲህ ያለ የማይነቃነቅ ምስል አይቼ አላውቅም። በምስሉ ዳርና ዳር የቆርቆሮዎቹ አፍ ይታያል፤ አንዱ ላይ ቢጫ፣ አንዱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ደርቆበታል። መሀል ላይ ነጭ ወረቀት አለ፣ ወረቀቱ ላይ የወላቃ እጅ።

"ማስቀመጫውን አባዬ እየነገረኝ እኔ ነኝ የሠራሁት" አለችኝ። ቃሉ በጥርሷ ክፍተት እያፏጨ ነው የሚወጣው።

ይህ አባት ወዲያው ልቤን ገዛው። ሌሎቹ ወላጆች እጃቸውን መሰብሰብ አይችሉም። እርሳሱን ያስተካክላሉ፣ ወረቀቱን ይይዛሉ፣ "እንዲህ አይደለም" እያሉ የልጁን ክርን ይገፋሉ። እሱ ግን አንድም ጊዜ እጁን ወደ ምስሉ አላስገባም። ወረቀቱ የሚጣበቅበትን ፕላስተር የምትቀድደው እሷ፣ እርሳሱን የምትቀርጸው እሷ። ከዳር የሚመጣው ድምፁ ብቻ ነው፤ ረጋ ያለ ጎርናና ድምፅ። "እንደ እርስዎ ያለ ወላጅ ቢበዛልኝ ምን ነበረበት" አልኩት አፌን ሞልቼ። ወሬውን ወደ ልጅቷ መለሰው። ምስጋና የማይወድ ሰው ነው ብዬ አለፍኩት።

መጀመሪያ ጣቶቿን ፈተንኩ። ዶቃ በክር አስገባች፤ ክሩ ቀዳዳውን አልሳተም። ወረቀት በመቀስ ቆረጠች፤ ከመስመሩ አልወጣችም። ውሃ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ገለበጠች፤ ጠብ አላለም። ድመት ሣይልኝ ስላት የድመቷን ጺም አንድ በአንድ ወጥራ ሣለችልኝ። ቁጥር ጻፊ ስላት ቁጥሮቹ ሰልፍ ላይ እንዳሉ ሰዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። ቁጥር ያስተማረቻት እናቷ ናት። እናትየዋ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ስለሆነች ከሰዓት በኋላ ቤት አትኖርም።

"በይ አሁን ፊደል" አልኳት።

እርሳሱን ይዛ ትንሽ ቆየች፣ አንድ ነገር እንደምታስታውስ። ከዚያ ጀመረች። ሀ፣ ለ፣ መ ሸጋ ሸጋ ናቸው። በ ላይ ስትደርስ እግሮቹ ረገብገብ ማለት ጀመሩ። ወደ ገ ስትሄድ ባሰ። ጠ ውሃ ውስጥ እንዳለ ነገር ይዋልላል። ፐ ላይማ ፊደሉ አሁን ወደቀ፣ አሁን ወደቀ ያሰኛል። የሚገርመው አስቀያሚ አልነበረም። ዝናቡ መስኮቴን እየደበደበ፣ ክፍሌ ደብዝዞ፣ ከስክሪኑ ብርሃን በቀር ሌላ ብርሃን ሳይኖር ያን ረድፍ ሳየው ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ፊደሎቹ ነቅተው ጀምረው ቀስ በቀስ ወደ እንቅልፍ የሚገቡ መሰለኝ። እኔም አብሬያቸው የምገባ መሰለኝ።

"የእጅ ድካም" ብዬ ያዝኩት። ትምህርቱም የሚለው እንደዚያ ነው፤ የደከመ እጅ ሲጀምር ደህና ነው፣ ሲቆይ ይዝላል። ግን ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። ያ ሁሉ ዶቃና መቀስ ያላደከመው እጅ በአንድ ረድፍ ፊደል ይደክማል?

በሚቀጥለው ቀጠሯችን ከመጨረሻው ፊደል ጀምራ ወደ ኋላ እንድትጽፍልኝ ጠየቅኳት። ድካም ከሆነ መጀመሪያ የምትጽፋቸው ያምራሉ፣ ኋላ የሚመጡት ይበላሻሉ። ፐን ጻፈች። ገና ከመነሻው ተንዘረዘረ። ፈ፣ ጸ፣ ጠ፤ ሁሉም ያንኑ ያህል። ወደ በ ስትጠጋ ረገበ። ሀ ላይ ስትደርስ እጇ ዓመቱን ሙሉ አርፎ እንደከረመ ሆነ፤ ሀ ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። ይህ ድካም አይደለም። ይህች ልጅ አውቃ ነው የምታደርገው።

"እስቲ አሁን እኔ ልጻፍና አንቺ ገልብጪ" ብዬ በነጭ ሰሌዳዬ ላይ አንድ ጠ ጽፌ አሳየኋት።

ሰሌዳውን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ያሳዘንኳት በሚመስል ድምፅ "ቲቸር፣ ያንቺ አላለቀም" አለችኝ።

"ምኑ ነው ያላለቀው?"

"ነፋሱን አላስገባሽበትም።"

"የምን ነፋስ?"

"የፊደል ነፋስ ነዋ። ሀ የለውም። ለ የለውም። በ ትንሽ አለው። ጠ ብዙ አለው።" የራሷን ጠ ጻፈች፤ እያንዳንዱን እግር በጥንቃቄ እየነዘረች፣ ትንፋሿን ይዛ። "ይኸው፣ አሁን አለቀ።"

"የክፍላችሁ አስተማሪስ ታስገባለች?"

"እሷ ስለምትቸኩል ትተወዋለች።"

"አንቺን ማን አስተማረሽ?"

"አባዬ። ሲጽፍልኝ ለምን እንዲህ ይሆናል ብዬ ጠየቅኩት። 'ነፋስ ገብቶበት ነው' አለኝ።"

የአባቷን ድምፅ ጠበቅኩ። አልመጣም። ወንበር ሲገፋ ሰማሁ፣ የእግር ኮቴ ራቀ፣ አንድ በር ቀስ ብሎ ተዘጋ። ወላቃም ሰምታዋለች፤ እጇ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ፈዘዘ።

ያኔ ገባኝ። ይህ ሰው ልጁን ፊደል ያስቆጠራት ትምህርት ቤት ሳትገባ ጀምሮ፣ ሳይቸኩል፣ አንዱን ሳትጠግብ ወደ ሌላው ሳያሳልፋት ነው። ሀን ሲያስተምራት እጁ ጤነኛ ነበር። በ ላይ ሲደርሱ አንድ ነገር ጀመረው። ጠ ላይ ሲደርሱ ብሶበታል። ልጅቷ ደግሞ እያንዳንዱን ፊደል ልክ እንደተሰጣት፣ በዚያ ዕለት በነበረበት መንቀጥቀጥ ልክ ይዛዋለች። የአባቷ ሕመም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተርታ ተጽፎ ዓይኔ ሥር ተቀምጦ ሳለ እኔ "የእጅ ድካም" ብዬ አርፌያለሁ። አፈርኩ። ከሃፍረቱ በላይ ግን ሁለቱም አንጀቴን በሉት።

በማግስቱ ደወለልኝ፣ ያለ ምስል።

"ዶክተር" አለኝ። ዶክተር አይደለሁም ማለት ከሰለቸኝ ቆይቷል። "ልጄ ምንም የላትም አይደል?"

"ምንም የላትም። እጇ ከኔ እጅ ይሻላል።"

"ተመስገን" አለ። "ነፋስ ያልኳት ምን ልበላት ብዬ ነው። ድንገት ጠየቀችኝ፣ አፌ ላይ የመጣው እሱ ሆነ። እኔ በዚያው ረስቼዋለሁ። እሷ ግን ይዛው ኖራለች።"

"ሐኪም አይቶዎት ያውቃል?"

"ካየኝ ይነግረኛላ።" ሳቅ ሊል ሞከረና ተወው። "ታፔላውን አሁን አሳትሜ ነው የምሰጠው። ደንበኛ ጊዜው ተለወጠ ይላል፣ እኔም አዎ ጊዜው ነው እላለሁ። እጄ ኪሴ ውስጥ ይውላል። ባለቤቴም አታውቅም።"

መንቀጥቀጥ ብዙ ዓይነት እንደሆነ፣ የሚታገዝም እንዳለ፣ የነርቭ ሐኪም ሳያየው መፍራት እንደሌለበት ነገርኩት። "እሺ" አለኝ። የማይሄድ ሰው እሺታ ነበር።

"አንድ ነገር ልለምንዎት፣ እህቴ። ውሳኔውን የሚነግሩን ቀን ምክንያቱን አያንሱት። እናቷ ትሰማለች፣ ትምህርት ቤቱም ይሰማል። ልጅቷ ደህና ናት ይበሉና ይለፉት።"

"ምክንያት ካልሰጠኋቸው አይቀበሉኝም። አውቃ ታበላሻለች ብለው ያስደግሟታል። የወንበር ጓደኛዋ ሁለተኛ ክፍል ስትገባ እሷ ትቀራለች።"

"አውቃለሁ" አለኝ። "እሷም እንዳትቀርብኝ። እኔም እንዳልታይ።"

ሁለቱን አንድ ላይ ላደርግለት አልችልም ነበር። ተናደድኩበትም። ልጅህን ለእጅህ ልትሠዋት ነው ወይ የሚል ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ መለስኩት። የሰው ሕመም የኔ ወሬ አይደለም፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ከአፌ አይወጣም። "እኔ አልናገርም" አልኩት። "ግን ልጅቷን የሚያሻግራት ይኸው ብቻ ነው። ያስቡበት።"

ያን ሰሞን አንድ ሕልም ተመላለሰብኝ። ሰፊ መንገድ ላይ ነኝ፤ ሱቆቹ ሁሉ ተዘግተዋል፣ ሰው የለም። ታፔላዎቹ ባዶ ናቸው። ፊደሎቹ ከየሰሌዳቸው ወርደው ከመሬት ከፍ ብለው፣ ምንም ድምፅ ሳያሰሙ ይነፍሳሉ፤ በትከሻዬ በኩል ያልፋሉ፣ ፀጉሬን ይነካሉ። አንዱን ልይዝ ስል ከጣቶቼ መሀል ይሾልካል። የማን እንደሆኑ የምጠይቀው ሰው ስፈልግ እነቃለሁ። ከነቃሁ በኋላም ብዙ ሰዓት መንገዱ ከዓይኔ አይጠፋም፤ ሻይ አፍልቼ ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል።

ከወላቃ ጋር ግን ሥራችንን ቀጠልን። ተሳስተሻል ማለት አልቻልኩም፣ ማለትም አልነበረብኝም። "ዛሬ መስኮቱን ዘግተን ብንጽፍስ?" አልኳት። ነገሩ ወዲያው ገባት። ከሀ እስከ ፐ ያለ ምንም ንዝረት፣ እንደ ቁጥሮቿ ቀጥ አድርጋ ጻፈችልኝ። ስትጨርስ "አሁን ልክፈተው?" አለችኝ። "እንዳንቺ" አልኳት። አልከፈተችውም፤ ግን እርሳሷን ቶሎ አላስቀመጠችም።

የውሳኔው ዕለት እናቷ ከሥራ አስፈቅዳ መጣች። በስክሪኔ አንድ ጎን ርእሰ መምህሩ ክራቫቱን ያስተካክላል። በሌላው ጎን ያው ጠረጴዛ፣ ያው ወረቀት፣ የወላቃ እጅ። አጠገቡ የሴት እጅ አለ፤ አጭር ጥፍር፣ ቀጭን ቀለበት፣ ጠረጴዛውን በጣት ጫፍ መታ መታ የሚያደርግ። አባትየው ሰላም ሲለን ነው እዚያ መኖሩን ያወቅኩት።

"እጇ ጤነኛ ነው" አልኩ። "ልዩ ክፍል አያስፈልጋትም። እንደ ክፍል ጓደኞቿ መጻፍ ትችላለች። ይኸው ትጻፍልዎት።"

ወላቃ ጻፈች። ንጹሕ ነበር።

ርእሰ መምህሩ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። "እንዲህ መጻፍ ከቻለች ዓመቱን ሙሉ ምን ሆና ነው?"

ኔትወርኩ ቁርጥ እንዲል በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመኘሁ። የዚያን ቀን ግን አልጋ በአልጋ ሆነ፤ የሁላችንም ዝምታ ጥርት ብሎ ይሰማል።

"ምክንያቱን ሳላውቅ ባሳልፋት ነገ ተመልሳ እዚያው ናት" አለ ርእሰ መምህሩ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ የሚለውም ልክ ነበር። "ባለሙያዋ ምን ይላሉ?"

"ስቀልድ ነው" አለች ወላቃ።

"ምን አልሽ?"

"አውቄ ነው። ስጫወት ነው ያበላሸሁት። እኔ ነኝ።"

ልጆች ምንም የማይገባቸው ይመስለናል። ያ በር ቀስ ብሎ ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ ምን ስታስብ እንደከረመች ማንም አልጠየቃትም፣ እኔም ጭምር። አሁን ትንሿ እጇ ወረቀቱ ላይ ጥፋተኛ መስላ ተኝታለች።

"አውቃ ካበላሸች ጉዳዩ ሌላ ነው" አለ ርእሰ መምህሩ በረጅሙ ተንፍሶ። "እንግዲያው አንደኛን ደግማ..."

ቃሌን ልበላ ነበር። የመጣው ይምጣ ብዬ አፌን ስከፍት ከምስሉ ዳር አንድ ነገር ገባ። ትልቅ የወንድ እጅ ነው፤ ጥፍሮቹ ሥር ታጥቦ የማይለቅ ቀለም አለበት፣ ይንቀጠቀጣል። በባዶው ጠረጴዛ ላይ ሁላችንም እያየነው ሄደ፣ ከልጁ ጣቶች መሀል እርሳሱን ወሰደ፣ ከጽሑፏ ሥር ጠን ጻፈ። እያንዳንዱ እግር ለመውረድ ጊዜ ፈጀበት። ሲጨርስ ወረቀቱ ላይ የነበረው ወላቃ ዓመቱን ሙሉ ስትጽፈው የከረመችው ፊደል ነው።

"ከኔ ነው የተማረችው" አለ አባትየው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ነፋስ አይደለም ወላቃዬ። ዋሽቼሽ ነው። እጄ ነው" አላት።

ርእሰ መምህሩ መነጽሩን አወለቀና እንደገና አጠለቀ። እኔ የማየው የሴትየዋን እጅ ነበር። ጠረጴዛውን መታ መታ ማድረጉን ትቷል እንጂ አልደነገጠም።

"አንተ ሰውዬ" አለች በመጨረሻ፣ "ጠዋት ጠዋት የሸሚዝህን ቁልፍ የምቆልፍልህ ለምን መስሎህ ነበር?"

"ስለምትወጂኝ መስሎኝ" አለ።

"ለሱም ነው።"

እንደዚያ ያለ ነገር ሲባል መስማት ደሞዝ የሚከፈልበት ሥራ አይደለም፣ ግን ሰማሁት፣ ደስም አለኝ፣ ከፋኝም።

"ታዲያ ሁለተኛ ክፍል እገባለሁ?" አለች ወላቃ።

"ትገቢያለሽ" አለ ርእሰ መምህሩ። ይህን ሲል አልቸኮለም።

አባትየው እርሳሱን አስቀምጦ እጁን ወደ ኪሱ ሊመልስ ሲል ሚስቱ አንጓውን ያዘችው። "ተወው፣ ወዴት ትወስደዋለህ? ሐኪሟ ትየው እንጂ።" እጁ በእጇ ውስጥ እንደተያዘ ከስልኩ ሥር መንቀጥቀጡን ቀጠለ፣ አላወጣውም።

ወንበሬን ወደ ስክሪኑ አስጠጋሁ። "በመጀመሪያ ክርንዎን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉልኝ" አልኩት።